ለዋልቡርጋ ኢናውን የተነፈገው አደባባይ እና ያሸነፈው እጅ

ለተከበሩ የመንደሮች አስተዳደር ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሜይ 21 ቀን 2024
ከሂንተርቡል መንደር

ጉዳዩ፦ በወይዘሪት ዋልቡርጋ ኢናውን ስም አደባባይ እንዳይሰየም የተሰጠው ድምፅ በምስጢር እንደገና እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ሴራይና ኮስተር የሂንተርቡል ነዋሪና የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ነኝ። ድምፅ ለመስጠት ሁለት ዓመት ይቀረኛል። አቤት ለማለት ግን ዕድሜ እንደማያግድ የመንደሩን ደንብ አንብቤ አረጋግጫለሁ። ሽማግሌዎቻችንም ደንቡን ቢያነቡት ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባጠረ ነበር።

1. ወይዘሪት ዋልቡርጋ ቤታቸው ውስጥ ጥልፍ እየጠለፉ የኖሩ የመንደራችን ሴት ነበሩ። ሴቶች ድምፅ ይስጡ የሚል ፊርማ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ አሰባስበዋል። የመንደራችን ጉባኤ ያኔም ዛሬም ሜዳ ላይ ነው፤ መብት ያለው በገመድ በታጠረው ክልል ውስጥ ቆሞ እጁን ያነሳል፣ ይቆጠራል። እሳቸው በየዓመቱ ከገመዱ ውጭ ቆመው በእያንዳንዱ ጉዳይ ላይ እጃቸውን ያነሱ ነበር። ስለ ላሞች መንገድም፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ጣራም። ማንም አልቆጠራቸውም። በ1970 አረፉ። ሴቶች ወደ ገመዱ ውስጥ የገቡት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

2. ለአዲሱ አደባባይ ስም ሲፈለግ እኛ ተማሪዎች የእሳቸውን ስም አቀረብን። የስያሜ ኮሚቴው አምስት አባላት አሉት፤ ዕድሜያቸው ቢደመር ከቤተ ክርስቲያናችን ይበልጣል። ነጥብ የሚሰጡበት ቅጽ አምስት መስፈርት አለው፦ ውትድርና፣ የእሳት አደጋ ቡድን፣ የመንደር ምክር ቤት፣ የተኩስ ማኅበር እና የወንዶች መዘምራን። ወይዘሪት ዋልቡርጋ በሕይወት ሳሉ ከአምስቱ አንዱም ሴት አይቀበልም ነበር። ከሃምሳው ነጥብ ሦስት አገኙ። ሦስቱም የተሰጧቸው ለእሳት አደጋ ቡድኑ ዓመታዊ በዓል ኬክ ይጋግሩ ስለነበር መሆኑ በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል። ኬኩ ባይጣፍጥ ኖሮ ዜሮ ይወጡ ነበር ማለት ነው።

ኮሚቴው አደባባዩ «የእሳት አደጋ ቡድን አደባባይ» ይባል፣ ለወይዘሪት ዋልቡርጋ ደግሞ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ የውሻ ቆሻሻ ከሚጣልበት ሣጥን አጠገብ፣ ስማቸው የተጻፈበት አግዳሚ ወንበር ይቁም ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሊቀመንበሩን አቶ ሂፖሊት ዞለርን ዳቦ ቤት በር ላይ አግኝቼ ጠየቅኋቸው።

«ወንበር እኮ ከአደባባይ ይሻላል። አደባባይ ላይ ማን ይቀመጣል?» አሉኝ።

«ዕድሜ ልካቸውን ቆመው የኖሩ ሴት ናቸው፤ አሁን ተቀመጡ ልትሏቸው ነው?» ብላቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ከቁመትሽ በለጠ!» ብለው ዳቦአቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ሄዱ። የጽሑፍ መልስ እስካሁን አልደረሰኝም።

3. ጉዳዩ ኤፕሪል 28 ለጉባኤው ቀረበ። እኔ ከገመዱ ውጭ ቆሜያለሁ፤ የአያቴ የአቶ አልፎንስ ኮስተር ጀርባ ፊት ለፊቴ ነው። ጠዋት ጫማቸውን እያሰሩ፣ «የኔ እጅማ ለዋልቡርጋ ነው፤ ይሄ ጥያቄ የለውም» ብለውኝ ነበር። በስማቸው ይሰየም የሚሉ እጆች ሲጠሩ የአያቴ እጅ ኪሳቸው ውስጥ ቀረ። ብርድ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የኮሚቴውን ሐሳብ የሚደግፉ ሲባል ግን እጁ ወጣ፣ ቀጥ ብሎ። 112 ለ97 ተሸነፍን።

4. ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ይሉኝ ይሆናል። እኔም ቢሆንልኝ ደስ ባለኝ። ነገር ግን በ1968 የመንደሩ ወንዶች ሴቶች ድምፅ ይስጡ ወይስ አይስጡ ብለው ሲወስኑ አያቴ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። «ከረድፋችን እጄን ያነሳሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ» የሚለውን ታሪካቸውን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ትምህርት ቤት አውርቼዋለሁ። ለኮሚቴው ባስገባነው ማመልከቻ ላይም ጽፌዋለሁ። ጉባኤው በዋለበት በዚያው እሁድ ምሳ ላይ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ለምን?»

«ዞለር ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ከነገ ጀምሮ ካርታ የምጫወተው ከማን ጋር ነው? ከአንቺ ጋር?»

«በ68ስ? ያኔስ አንስተው ነበር?»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ሾርባሽ ቀዘቀዘ፣ ጠጪ» አሉኝ።

ሾርባው ይጨስ ነበር።

ስለሆነም በማመልከቻችን ገጽ ሁለት ላይ «በ1968 ከደገፏቸው ጥቂት ወንዶች አንዱ የአመልካቿ አያት ነበሩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር፣ እውነትነቱን ማረጋገጥ ስላልቻልኩ፣ እንዲሰረዝልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

5. በመንደሩ ደንብ አንቀጽ 9 መሠረት የተወሰነ ጉዳይ እንደገና የሚታየው፣ ካሸነፈው ወገን ድምፅ የሰጠ አንድ ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ በፊርማው ሲጠይቅ ነው። የተሸነፍነው ሁላችን ብንፈርም ዋጋ የለውም። ቀኑ ሜይ 28 ያበቃል። የአሥራ አራት አሸናፊዎችን በር አንኳኩቻለሁ። ዘጠኙ «ለመንደሩ ሰላም ሲባል» ብለው መለሱኝ፤ አራቱ ቤት ውስጥ እያሉ የሉም ተባልኩ። አንድ አዛውንት «እኔ እኮ ዝንብ ነው ያባረርኩት፤ ቆጠሩብኝ» አሉኝ። ታዲያ ይፈርሙልኛ ስላቸው በሩን ዘጉት።

ከዚህ በላይ በተዘረዘረው ምክንያት፦

ሀ. የአደባባዩ የስም ሰሌዳ ጁን 8 ከመተከሉ በፊት ጉዳዩ ለጉባኤው ተመልሶ እንዲቀርብ፣

ለ. ድምፁ በተነሳ እጅ ሳይሆን በታጠፈ ወረቀት እንዲሰጥ፤ ማንም ሰው ከኋላው ማን እንደቆመ እያሰበ እንዳይወስን፣

ሐ. ወንበሩም እስከዚያው ባለበት መጋዘን እንዲቆይ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ እጠይቃለሁ።

አንቀጽ 9 የሚጠይቀው ፊርማ ከዚህ ጋር ተያይዟል። የአያቴ ነው። ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ የዚህን ደብዳቤ ረቂቅ ከፊታቸው ዘርግተው አገኘኋቸው። ስለ እሳቸው የጻፍኩትን አንድ መስመር እንኳ አልሰረዙም። የ1968ቱንም ጭምር አልነኩትም። ብዕር ጠየቁኝ፣ ፈረሙ፣ ከዚያ አንድ ነገር ለመኑኝ፦ ፊርማው የእሳቸው መሆኑ በጉባኤው ፊት እንዳይነበብ። ልመናዎን ለጽሕፈት ቤቱ አደርሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው።

ይኸው አድርሻለሁ። ልመናው ግን የእሳቸው እንጂ የእኔ አይደለም።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

ሴራይና ኮስተር
(ፊርማ)