ቦይህን የደፈነው ቃል

ሙሌ፣ የሰላም አባት፣

ከተለየኸኝ ይኸው ሦስተኛው ክረምት ወጣ። አንተ ያለህበት አገር ወሬ ይደርስ እንደሆነ አላውቅም፤ የሚደርስ ከሆነ ግን ይህን ከሌላ አፍ እንድትሰማው አልፈልግም። ጨፌው መሀል የቆፈርከው ቦይ ተደፍኗል። አዎ፣ ያ ከወንዙ እጥፋት ተነስቶ እስከ ታችኛው መሻገሪያ ቀጥ ብሎ ይወርድ የነበረው። ዛሬ ሣር ለብሷል፤ ሰው ቢፈልገው አያገኘውም።

ቆይ፣ አትቆጣ። እንዴት እንደሆነ ልንገርህና ትቆጣለህ።

ሰላም ትምህርቷን ቢቸና ጨርሳ ደጀን ሥራ ይዛለች። ወንድሜ ከሞጣ እየላከ “ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ፣ ወደ ቤትሽ ተመለሽ” ቢለኝ እምቢ ብያለሁ። ባሏ የሞተባት ሴት አንድ ክረምት ከማሳዋ ከራቀች፣ ስትመለስ ወሰኑ እግር አውጥቶ ይጠብቃታል። ይህን ስጽፍ “ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር” እያልክ የምትስቅብኝ ይመስለኛል። ሳቅ። ደመና ሲቆይ እንኳ “ዝናቡንም ጠረጠርሽው?” ትለኝ አልነበር?

የተጋባን ክረምት ትዝ ይልሃል? ያኔ ቦይ የለም። ወንዙ ሲሞላ ጨፌው ላይ ይተኛል፤ ውሃው ሣሩ ውስጥ ለጉልበት ይደርሳል። ሱሪህን ጠቅልለህ ገብተህ አንድ አምባዛ በቅርጫት አፍነህ መጣህ። ጢም ያለው ዓሣ አይቼ አላውቅምና “ይኼ እባብ ነው” ብዬ ድስቴን ደበቅሁብህ። ብቻህን ጠብሰህ በላህ። እኔ ደግሞ ትሞትብኛለህ ብዬ ሥራዬን ትቼ ፊትህን ሳይ ዋልኩ።

ሰላም የተወለደች ዓመት ግን መሬት ጠበበን። ከወንድምህ ከጌታሁን ጋር ሆናችሁ ጨፌውን ለማድረቅ ቦዩን ቆፈራችሁ። ጓያ ዘራን፣ ስንዴ ዘራን፣ ጠገብንበት፤ አልክድም። ኋላ ግን ቦዩ በየክረምቱ እየተበላ ሄዶ ከብት ገብቶ የማይወጣው ገደል ሆነ። ምንጫችን ሸሸ። ወንዙም በጋ ሲመጣ ጠጠር ብቻ ይታይበት ጀመር። ሰላም ዓሣን የምታውቀው ከመጽሐፍ ሥዕል ነው።

አምና መስቀል እንዳለፈ ጌታሁን አንዲት ልጅ ይዞ ደጄ መጣ። ማርታ ትባላለች፤ ከአርባ ምንጭ ተመድባ የመጣች የመንግሥት ባለሙያ ናት፤ ቢቸና ቤት ተከራይታለች። ቦዩ ይደፈን፣ ወንዙ ወደ ጥንቱ ጠመዝማዛ መንገዱ ይመለስ፣ ዳር ዳሩን የአሃያ ዛፍ ይተከል አለች። ከብት አይገባበትም፤ ሣሩ እየታጨደ ለባለድርሻው ይከፋፈላል። “ለምን ሲባል?” አልኳት። “ዓሣው የሚራባው ውሃው ሣር ላይ ሲተኛ ነው፣ እትዬ” አለችኝ።

ለዓሣ! አስበው እስቲ። ሰው ከአርባ ምንጭ ድረስ ተነስቶ ለእኛ ወንዝ ዓሣ ሲጨነቅ! ልቤ ወዲያው ሌላ ነገር ነገረኝ፤ ይህ መሬት ለባለሀብት ሊሰጥ ነው። በማግስቱ ጨፌው ላይ ችካል ተከሉ። እኔም በየችካሉ ሥር ጠጠር ቀበርኩና ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ፈቀቅ ብሎ እንደሆነ ማየት ጀመርኩ። ማርታ አንድ ቀን ተንበርክኬ አገኘችኝ። “ምን ጠፋብዎት?” አለችኝ። “እስካሁን ምንም” አልኳት።

እውነቱን ልንገርህ፣ ከእሷ ይልቅ የጠረጠርኩት ወንድምህን ነው። የእሱና የእኛ ድርሻ ኩታ ገጠም ነው። ነገሩ የወል ሆኖ እሱ ሰብሳቢ ከሆነ የእኔ ምን ሊሆን ነው? ደግሞስ ለሥራው ማን ቀድሞ እሺ አለ? እሱ።

ባለድርሻዎቹ ሁሉ ስንሰበሰብ እኔ ብቻ እምቢ አልኩ። “ባሌ በክንዱ የቆፈረውን ማንም አይደፍነውም” አልኩ። ያኔ ጌታሁን ብድግ አለ። ጋቢውን አጣፋ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም።

“እታለም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አያ ሙሉዓለም ታሞ ተኝቶ ሳለ ‘ያንን ቦይ ድፈኑልኝ፣ መሬቱን ጎድቼዋለሁ’ ብሎኛል” አለ።

የሟች ቃል ነዋ፤ ማን ይከራከረዋል? እኔም ቁጭ አልኩ። ውስጤ ግን አልተቀመጠም። ከአልጋህ አጠገብ መች ተለይቼ ነበር? መቼ ነገርከው? ለእኔ ያልነገርከውን ለእሱ? ያለኝን ትዝታ ሁሉ እንደ ምስር አበጥሬ ለቀምኩት። አንድ ጊዜ ቦዩ አፋፍ ላይ ቆመህ “ጠለቀ እኮ” ብለሃል። እሱን ሰምቻለሁ። ድፈኑትም አላልክ፣ ተዉትም አላልክ። ደግሞ አንድ ቀን አንተን ለእሱ አደራ ብዬ መድኃኒት ልገዛ ቢቸና ወርጃለሁ። በዚያች ግማሽ ቀን ይሆን? ይህች ግማሽ ቀን እንቅልፍ ነሳችኝ። ውሸት ነው ብዬ እንዳልጮህ፣ እውነት ከሆነስ? የመጨረሻ ቃልህን የረገጥኩ እኔ ልሆን ነው።

ሞጣ አጠገብ ይህንኑ ሥራ ቀድመው የሠሩ እንዳሉ ማርታ ነግራን ነበር። ለወንድሜ ልጅ ክርስትና እሄዳለሁ ብዬ ተሳፈርኩ። ክርስትናውም ነበር፤ እኔ ግን ዓይኔ እዚያ ያለው ጨፌ ላይ ነው። ደርሼ አጥር ፈለግሁ፣ የባለሀብት ታፔላ ፈለግሁ። ያገኘሁት ሣር የሚያጭዱ አንዲት አሮጊት ነው። “እማማ፣ ይህ መሬት አሁን የማን ነው?” አልኳቸው። ማጭዳቸውን ይዘው ቀና አሉና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

“አንቺስ የማን ነሽ? ማን ላከሽ?”

ሳቄ መጣ፣ ሙሌ። እኔን የሚመስል ሰው አገኘሁ። ከቢቸና መምጣቴን፣ ባሌ መሞቱን፣ ወንድሙን መጠርጠሬን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ያኔ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

“መሬቴ አልተወሰደብኝም” አሉኝ። “ሣሩን ግን በመጀመሪያው ዓመት ኮሚቴዎቹ ለዘመዶቻቸው ለምለም ለምለሙን አደሉት። እኔ ዳር ቆሜ ስጠረጥር እነሱ መሀል ገብተው ወሰዱ። ልጄ፣ ከጠረጠርሽ አይቀር ከውስጥ ሆነሽ ጠርጥሪ።”

ተመልሼ ኮሚቴ ውስጥ ካልገባሁ አልስማማም አልኩ። ጌታሁን ይቃወማል ብዬ ነበር፤ “ይህማ ጥሩ ነው” ብሎ የመጀመሪያውን እጅ ያወጣ እሱ ሆነ። ይህም ራሱ አጠራጠረኝ።

ቦዩን የደፈንነው በበጋ ነው። ሰው ሁሉ አፈር ሲያግዝ እኔ ቆሜ አየሁ። አንተ ስትቆፍር ያወጣኸው አፈር ከቦዩ ዳር ተቆልሎ ነበር፤ ያንኑ አፈር መልሰው ጨመሩት። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ፣ አላለቀስኩም። ከዚያ ማርታ ወንዙ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ብላ ድንጋይና ግንድ እያስያዘች የጥንቱን መንገድ አስከፈተችለት። መንገዱ በየት ወጣ መሰለህ? በወንድምህ ነጭ ሽንኩርት መሀል። የእኔ ማሳ ጫፉ እንኳ አልተነካ። ጌታሁን ሽንኩርቱን ነቅሎ ለሰው አደለ፤ ለእኔም ሰጠኝ። ተቀበልኩት፤ ምን ፈልጎ ነው እያልኩ።

ሐምሌ ላይ ወንዙ ሞላና ጨፌው ላይ ተኛ። እንደ ድሮው፣ ሙሌ፣ ሣሩ ጫፍ ጫፉ ብቻ እየታየ። አንድ ማለዳ ማርታ እየሮጠች መጥታ ጎትታ ወሰደችኝ። ጭቃው ውስጥ ገባን። ሣሩን በእጇ ገለጥ አደረገችው፤ ሥሩ ላይ እንደ ተልባ ፍሬ የደቀቁ፣ የሚንቀጠቀጡ ነገሮች አየሁ። “ጫጩቶቹ ናቸው” አለችኝ። የአምባዛ ልጆች። ሊያድጉ አይችሉም፣ ወፍ ይበላቸዋል ብዬ ነበር። ወፉም በላ፤ የተረፉት ግን ዛሬ የጣት ያህል ሆነው ከታችኛው መሻገሪያ ይታያሉ። ምንጫችንም ይኸው ጥቅምት ገብቶም አልደረቀም።

አሁን የጻፍኩበትን ልንገርህ። ሣር ተከፋፍሎ ሰው ከሄደ በኋላ ጌታሁንና እኔ ማሰሪያ እየሰበሰብን ቀረን። በድንገት “እታለም፣ ያ የአያ ቃል…” አለኝ።

“እ?”

“አላለኝም።”

ማሰሪያውን አስቀምጬ ፊቱ ቆምኩ።

“እኔ ነኝ ያልኩት። ቦዩ ሁላችንንም እየበላን ነበር። በራሴ ስም ብናገር መሬትሽን የፈለግሁ ይመስልሽ ነበር።”

“ይመስለኝ ነበር እንጂ!” አልኩት። “ታዲያ በሞተ ሰው አፍ ትናገራለህ?”

አየህ? ልክ ነበርኩ። መሬቴን ባይፈልግም፣ ዓሣው ቢመጣም፣ ውሸቱ ውሸት ነበር። ያቺን ግማሽ ቀን ስንት ወር ተሸክሜያታለሁ! እዚያው ሰው ፊት ያለውን እዚያው ሰው ፊት እስኪመልሰው ቤቴ እንዳይደርስ ነገርኩት። በሚቀጥለው ስብሰባ ጋቢውን አጣፍቶ ቆመና “ወንድሜ አላለም፤ እኔ ነኝ ያልኩት” አለ። ላቡ እስኪወርድ አፈረ። አሳዘነኝ፤ ግን አላስቀመጥኩትም፣ ጨርሶ እስኪናገር።

ማርታ ደንግጣ ተከትላኝ ወጣች። “እትዬ ይታይሽ፣ መልሰው ሊከፍቱት ነው?” አለችኝ። “የምከፍተው ውሸቱን ነው እንጂ ቦዩን አይደለም” አልኳት።

ስለዚህ ቦይህ የተደፈነው በአንተ ቃል አይደለም። መጀመሪያ በወንድምህ ውሸት፣ ኋላ ደግሞ እውነቱን አውቄም አይከፈት በማለቴ በእኔ ፈቃድ ነው። ከተቆጣህ በእኔ ተቆጣ።

ሙሌ፣ ሰው ከሞተ በኋላ ብዙ ይናገራል። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ጎረቤት “ሙሉዓለም እንዲህ ይል ነበር” ብሎ ሲጀምር ሰማሁና “የት? መቼ? እኔ የት ነበርኩ?” አልኩት። እኔ የምገባልህ ቃል ይኸው ነው። ያልከውንና ብለሃል የተባለውን ለይቼ እይዛለሁ። ለሰላምም የምነግራት ከገዛ አፍህ የሰማሁትን ብቻ ነው፤ ትንሽ ቢሆንም ትንሹን። በሕይወት እስካለሁ ድረስ በስምህ ማንም እንደፈለገው አይናገርም።

ባለቤትህ
ይታይሽ