ኢዲ ማለት

ለውድ እህቴ ገለኔ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ? የጅቡቲው ሙቀት ቀዝቀዝ አለላችሁ? ረድዋን ሥራው፣ ሲሃም ትምህርቷ እንዴት ነው? መጽናናቱን ይስጥሽ። እኛ አለን። እናታችን አዮ ትበላለች፣ ትተኛለች። እኔም አስተምራለሁ። መቱ ዝናቡ አላባራም።

መርዶሽን ከተረዳሽ በኋላ በስልክ ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ወንድማችን ሌንጮን ሆስፒታል ባደረስሁት ጠዋት የላክሁልሽ መልእክት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነበር፤ ኢዲ። ኢንተርኔት ላይ ፈልገሽ፣ ያለፈ ጊዜን የሚያሳይ የእንግሊዝኛ ባዕድ መድረሻ መሆኑን አገኘሽ። ከዚያም፣ አንተ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ወንድሜን በሰዋስው አረዳኸኝ፤ ስልኩንም የያዝክልኝ ሬሳ ጆሮ ላይ ነው አልሽኝ።

ያን ዕለት ተቆጥቼ ዘጋሁብሽ። አሁን ቁጣውም የለም። በሥርዓቱ ላስረዳሽ።

ኢዲ የድንገተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ስም ሲያጥር ነው። በሩ አናት ላይ ተጽፎ ስላየሁት፣ የት እንዳለን እንድታውቂ እንዳለ ገልብጬ ላክሁት። አንቺ ያገኘሽው ሌላ ነው፤ ግሥ መጨረሻ ላይ ይለጠፍና ነገሩ አለቀ ይላል። ብዙ ሊቃውንት ምንጩ «አደረገ» የሚል ጥንታዊ ቃል ነው ይላሉ፤ ሲሸራረፍ ኖሮ ጭራው ቀረ። ሁለቱ አይዛመዱም። ተማሪ ቢያምታታቸው ዜሮ እሰጣለሁ።

ያን ጠዋት ስትደውዪ ሌንጮ በሕይወት ነበር። አንተ ሰነፍ ተነሥ፣ ሶር ወንዝ ጫማዬን ያስወሰድክብኝን አልረሳሁትም ብለሽ በኦሮምኛ ስትሰድቢው ከንፈሩ ፈገግ አለ። በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወደ ካርድ ክፍል ሄድሁ። ስሙን «ሌንጫ» ብለው ጽፈውት ነበር። ጸሐፊዋ፣ ጋሼ፣ እሱ በኋላ ይስተካከላል፣ አሁን አጠገቡ ይሁኑ አለችኝ። አሁኑኑ ይስተካከል ብዬ ተሟገትሁ። ተስተካከለ። ስመለስ ፊቱን ሸፍነውታል።

ስለዚህ መጨረሻ በድምፅሽ አብረሽው የነበርሽው አንቺ ነሽ። እኔ አልነበርሁም። ይህን ለአዮ አልነገርኋትም።

ማክሰኞ ለዘጠነኛ ክፍል ያለፈ ጊዜ አስተማርሁ። «አዳመጠ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ጽፌ መድረሻውን አሰመርሁበት። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር አትጻፉ እያልሁ የምቆጣው እኔ ነኝ። አንዷ ተማሪ፣ ቲቸር፣ ባለቤቱ የታለ? አለችኝ። ሌንጮ ብዬ ጻፍሁ። በትክክለኛው ፊደል።

አዮ ሲሃምን ሳሚልኝ ብላለች። ባለቤቴ ትግስት እግዜር ያጥናሽ ትልሻለች። እትዬ ወለተ ማርያምም ከነልጆቻቸው ሰላም ብለውሻል። ለረድዋን የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ወንድምሽ ቀነዓ
መቱ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.