እግርሽን በእግሬ አትለውጪ

ውድ እማዬ፣

ይህን ወረቀት ታዲዎስ ያነብልሻል። ዓይንሽ እንደደከመ ባለፈው አይቻለሁ። ራሴ መጥቼ ልነግርሽ ነበር የፈለግኩት፤ ሐኪሟ ግን በዚህ ሆድሽ ያንን የጠበሉን ቁልቁለት ሁለተኛ እንዳትሞክሪው ብላ ከለከለችኝ። እና ካዛንቺስ ቤታችን ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ እየጻፍኩልሽ ነው። ባሌ ሲያፍር ቶሎ ቶሎ ያነባል። ቀስ በል በይው እንጂ አታቋርጪው፤ እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

ማርገዜን የነገርኩሽ ቀን እልል ትያለሽ ብዬ ነበር። አንቺ ግን የምትልጪውን ሽንኩርት አስቀምጠሽ ይህን የሰለለ ቀኝ እግሬን አየሽ። ሆዴን ሳይሆን እግሬን። በማግስቱ ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ የእኔ እግር ሳይፈታ ከጠበሉ ላትመለሺ እንደተሳልሽ ነግረሽኝ ወጣሽ። በልጅነቴ አዝለሽኝ ያልዞርሽበት ጠበል ስለሌለ ብዙም አልደነቀኝም፤ ሰንብታ ትመጣለች አልኩ። የስኳር መድኃኒትሽን ቁም ሳጥኑ ላይ ትተሽው እንደሄድሽ ያየሁት በኋላ ነው።

ሳትመጪ ወራት አለፉ። ከዚያው ጠበል የተመለሰች አንዲት የሰፈራችን ሴት እግርሽ መቁሰሉን፣ ሰውም እንደማታስጠጊ ስትነግረኝ ነው ታዲዎስን ይዤ የመጣሁት።

አጥማቂው መስቀሉን ግንባርሽ ላይ ሲያሳርፍ እኔ ከሰዉ ኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር። መምጣቴን አላወቅሽም። ተናገሪ፣ ምን አደረግሽ አለሽ። አንቺም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጮኸሽ ተናገርሽ። አባቴ ገብረዋህድ ከቤት ተወስዶ በቀረበት በዚያ ክፉ ዓመት፣ እኔን አርግዘሽ ብቻሽን ስትቀሪ፣ ለማስወረድ እንዶድ ጠጥተሽ እንደነበር። እኔ አልወረድኩም፤ እግዚአብሔር ግን ስለ ኃጢአትሽ እግሬን ቀጣው አልሽ። አሁን ደግሞ ቅጣቱ ወደ ልጄ እንዳይተላለፍ፣ በእኔ እግር ምትክ የአንቺን እንዲወስድ ለምነሻል።

ከዚያ ቀሚስሽን ገለጥ አድርገሽ ቁስሉን አሳየሽ። ጣቶችሽ ጠቁረዋል። ሽታው እኔ ድረስ መጣ።

"ተቀብሎኛል" አልሽ። እማዬ፣ ፈገግ ብለሽ ነበር እኮ።

በክራንቼ ሰዉን ጥሼ መጥቼ ሳቅፍሽ ቀድመሽ የነካሽው እግሬን ነው። ምንም አልተሰማሽም፣ ሙቀት ነገር የለውም ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እንደነበረ ነው ስልሽ፣ "እንግዲያው ገና አልበቃውም" ብለሽ ፊትሽን አዞርሽብኝ። ታዲዎስ ሐኪም ቤት እንሂድ ብሎ ቢለምንሽ፣ እጅሽን ቢስብሽ፣ እንደማያውቅሽ ሰው አየሽው። ያለ አንቺ ተመለስን።

ስለ እንዶዱ ተቀይሜሽ እንደሆነ ታስቢ ይሆናል። አልዋሽሽም፣ ጥቂት ቀን ተቀይሜሽ ነበር። ኋላ ግን የዛሬዋን እኔን የምታክል ነፍሰ ጡር ሴት፣ ባሏ የት እንደወደቀ የማታውቅ፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር የምትንቀጠቀጥ ሴት በዓይነ ሕሊናዬ መጣችብኝ። ቂሙ ጠፋ። ያልጠፋው ፍርሃቱ ነው። ልጁ ሲራገጥ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ በሁለቱም እግሩ ነው ወይ እያልኩ አዳምጣለሁ። ቢሮ እየጻፍኩ ብዕሬን አስቀምጬ ሆዴን እዳብሳለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ደክሞኝ ነው እላለሁ። አንድ ቀን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ምን ስል ራሴን ሰማሁ መሰለሽ? ልጄ ብቻ በደህና ይወለድ፣ ዓይኔን ውሰደው። የአንቺን ጸሎት ነበር የምጸልየው፣ እማዬ።

እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ የንስሐ አባትሽ አባ ወልዱ አገኙኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲያዳምጡኝ ቆዩና፣ አንቺ ለሳቸው የነገርሽውን ለእኔ ሊነግሩኝ እንደማይችሉ፣ አንድ ቃል ግን እንዳደርስላቸው አዘዙኝ።

"ካህን የፈታውን መልሳ እያሰረችው ነው። አባ እንዲህ ብለውሻል በያት።"

ቀጥለውም፣ ይህ ደብር የተሰየመው ከእናቱ ጋር ፍል ውኃ ውስጥ በተጣለ ሕፃን ስም ነው፣ የሦስት ዓመት ልጅ በምን ኃጢአቱ ነው ትላለች አሉ። መድኃኒትሽን ካልዋጥሽ እሳቸው ራሳቸው መጥተው እንደሚያስውጡሽም ነገሩኝ።

ለጎረቤታችን ለእትዬ ኩልሱምም ሳልደብቅ አወራኋቸው። አዘኑልሽ እንጂ አልፈረዱብሽም። ሁለት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ግድግዳ ሳልይዝ እየሮጥኩ እሳቸው ቤት እገባ እንደነበር እሳቸውም ያስታውሳሉ። ያ የልጅነት ልምሻ ትኩሳት ሰፈሩን ሲያዳርስ የእኔን እግር ያዘ፣ የልጃቸውን የመሐመድአሚንን ክንድ ያዘ። እስከ ዛሬ አያነሳትም።

"እኔስ ምን ጠጥቼ ነው?" አሉኝ።

እግዚአብሔር ቀጠሮ አይረሳም፣ ቆይቶ ነው የሚቀጣ እንደምትይ አውቃለሁ። ከአንቺ ጋር ለመከራከር እውቀቱ የለኝም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። እየተለዋወጠ ያለ ምንም ነገር የለም። የእኔ እግር እንደነበረ ነው፤ የአንቺ ግን እየሞተ ነው። ሐኪሟን ጠየቅኳት። ቶሎ ከመጣች ጣቶቿን ብቻ አጥታ ትድን ይሆናል፣ ከቆየች ግን የምንነጋገረው ስለ እግር አይሆንም አለችኝ።

እማዬ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ስለ እግሬ ይቅርታ ስትለምኚ አንድም ቀን እኔን ጠይቀሽኝ አታውቂም። በዚህ እግር ተማርኩ። ለገሃር በታክሲ እየተጋፋሁ ሥራ እገባለሁ። የላንቻው ልጅ ታዲዎስ ይህንኑ እግር እያየ ወደደኝ፣ አገባኝም። ይህ የተረገመ ሰው ኑሮ ነው? የከበደኝ እግሬ አይደለም። ባየሽኝ ቁጥር የምታለቅሽው ለቅሶ ነው የከበደኝ።

ለመውለድ ቀርቤያለሁ፤ ፈርቻለሁም። አራስ ቤት ገብቼ አንቺን ልቅበር? ልጄን ታቅፌ ለቅሶ ልቀመጥ? ለእኔ ስትይ እየሞትሽ፣ ለእኔ ስትይ መኖር እንዴት አቃተሽ?

ታዲዎስ መኪና ይዞ ነው የመጣው። መድኃኒትሽ ኪሱ ውስጥ አለ። ስእለቱን አባ ወልዱ ይፈቱልሻል፤ እሱን ለሳቸው ተዪው። ምናልባት ሐኪሞቹ እግርሽን ይቆርጡት ይሆናል። ያኔም ተቀበለኝ እንዳትይ። ስኳር ነው፣ እማዬ፣ ስኳር ብቻ ነው። በአንድ እግርም ቢሆን ነይልኝ። የክራንች አያያዙን እኔ አሳይሻለሁ፤ ብብት የሚያቆስለው የመጀመሪያ ሰሞን ነው፣ ከዚያ ይለመዳል።

ልጅሽ ፍዮሪ
ካዛንቺስ፣ ግንቦት 1996