ጋራዥ ውስጥ የተገጠመው ማሰሪያ

ውድ አባዬ፣

አላስካ ከሄድክ ወዲህ ደውለህልን አታውቅም። እኔም ብደውልልህ ወይ አንተ ትጮሃለህ ወይ እኔ አለቅሳለሁ፤ ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል።

ያን ቀን ሦስታችንም አንረሳውም፤ አንስተነው ግን አናውቅም። ወንድሜ ኬለን በረዶ ላይ የሚንሸራተትበት አዲስ ጥንድ ስኪ ገዝቶ መጣ። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚይዘው ማሰሪያ ገና አልተገጠመለትም ነበር። "ነገ ማርላ ሱቅ ወስጄ አስገጥመዋለሁ" አለ።

"ሱቅ? አባትህ ሞቷል እንዴ?" አልከው።

"አልሞትክም አባዬ። እነሱ ግን ማሽን አላቸው። ስወድቅ ማሰሪያው እግሬን መልቀቁን ይለኩልኛል።"

"የሚወድቅ ወንድ ቤቱ ቁጭ ይበል!"

ስኪውን ልትነጥቀው ያዝክ፤ እሱ አልለቅም አለ። ስትጓተቱ ድንገት ለቀቅክለት። ወደ ኋላ ሲንገዳገድ ሁለተኛውን ስኪ አንስተህ ፊቱ ላይ አሳረፍክበት። የብረቱ ጠርዝ ቅንድቡን ሰነጠቀው። ደሙ የጋራዡ ሲሚንቶ ላይ እየተንጠባጠበ አንተ ዞር ብለህ እንኳ አላየኸውም፤ ድሪልህን አንስተህ መብሳት ጀመርክ። እኔ ግንባሩን በፎጣ ይዤ ያን ጩኸት እሰማ ነበር። ብሎኖቹን አጠበቅክ፤ ሲወድቁ እግር የሚለቀውን መልቀቂያም እስከ መጨረሻው አከረርከው። "ይኸው፣ ይሄ ሰው አይጥልም" አልክ።

በማግስቱ ኬለን ቅንድቡን ተሰፍቶ "እኔ በዚህ አልንሸራተትም" አለህ። "ፈሪ! እኔ አሳይሃለሁ" ብለህ ስኪውን አንጠልጥለህ ወደ ተራራው ወጣህ፤ እኛም ተከተልንህ። የጫማ ቁጥራችሁ አንድ መሆኑ ነው ጉድ የሰራህ።

ቁልቁለቱ መሃል ላይ ስኪው በረዶ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ፤ አንተ ግን ተሽከረከርክ። ማሰሪያው አልለቀቀህም። የእግርህ አጥንት ሲሰበር ከላይ ቆሜ ሰማሁት። ዛሬም ሰሃን ሲሰበር ያስበረግገኛል።

ቀድሞ የደረሰልህ ኬለን ነው። ማሰሪያውን በካቻቢቴ ሊፈለቅቅ ሲያጎነብስ "አትንካኝ!" ብለህ በቡጢ አፉን አልከው።

"ምታኝ አባዬ፤ ብቻ እግርህን አታንቀሳቅስ።"

ደግመህ መታኸው። ጥርሱ በደም ቀልቶ ነበር። እጁን አላነሳብህም። የነፍስ አድን ሰዎቹ እስኪደርሱ ራስህን ጭኑ ላይ አስደግፎ ያዘህ። አንተ ግን ሆስፒታል ተኝተህ ስለ እሱ አንድም ቀን አልጠየቅክም። እግርህ ሲጠገን ጓዝህን ጭነህ ሄድክ።

እውነቱን ልንገርህ፤ መኪናህ ከመታጠፊያው ሲሰወር እፎይ ብያለሁ። እራት ላይ ግን ወንበርህ ላይ የተቀመጠ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ኬለን ጋራዥ ውስጥ ራሱ ማሰሪያ ሲገጥም አገኘሁት። የብሎኑ ቀዳዳ ስቶበት ነበር። ተሳድቦ ስኪውን ግድግዳው ላይ ሲያላትመው ለሁለት ተሰነጠቀ። እኔ ወደ በሩ ሸሸሁ። ፊቴን አየና ደነገጠ።

"ብሪን... እንደ እሱ ሆንኩ?"

"ሆንክ" አልኩት።

መሬት ላይ ዘጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

በነጋታው ሌላ ስኪ ይዘን ማርላ ሱቅ ሄድን። ማርላ ታውቅሃለችና እየሳቀች "አባትህ እዚህ ቢያይህ ይገድልህ ነበር" አለችው።

"ሞክሮ ነበር" አላት። ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። ጎንበስ ብላ ማሰሪያውን ገጠመች፤ መልቀቂያውንም በማሽኑ ለካች።

ስንመለስ መኪና ውስጥ "አባዬ ያነክስ ይሆን?" አለኝ። አላውቅም አልኩት።

አባዬ፣ መምጣት ከፈለግክ ና። እዚህ ቤት በማንም ላይ እጅህን ካነሳህ ግን ፖሊስ የምጠራብህ እኔ ነኝ፤ ይህን አውቀህ ና። ካልመጣህም ለኬለን አንዲት መስመር ጻፍለት። እንዴት እንደምትራመድ ብቻ ንገረው።

ልጅህ ብሪን