ሞደሙ ላይ የደረቁት ካልሲዎች

ሼፉ፣

የቤታችን ኢንተርኔት ለምን እንደሚቆራረጥ ደረስኩበት። ከመደርደሪያው ጀርባ እጄን ስሰድ እርጥብ ካልሲህ ሞደሙ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ሽታው እስካሁን ከእጄ አልለቀቀም።

ለካ ይሞቃል ብለህ ማድረቂያ አድርገኸዋል። እኔ ሞኙ ቴክኒሻን ሁለቴ አስመጥቼ ገመድ አስቀየርኩ።

እንዲቀዘቅዝ ሞደሙን ከሶኬት ነቅዬዋለሁ። ስትገባ ከጀርባው የላላችውን የገመድ ቡሎን በእጅህ አጥብቅና ሞደሙን መልሰህ ሰካው። አረንጓዴው መብራት መብለጭለጩን እስኪተው አትነካካው።

ካልሲህ ላስቲክ ውስጥ ነው። እኔ ሁለተኛ አልነካውም።

ፊልም እያወረድክ ነው ብዬ የጮህኩብህ ያለጥፋትህ ነው። ለእሱ ብቻ ይቅርታ።

እናቴ በኢንተርኔት ደውላ ስታወራኝ ሦስቴ ተቋረጠባት። ሆን ብዬ የዘጋሁባት መስሏት ስልኬን አታነሳም። አሁን አውቶቡስ ልሳፈር ነው፣ ፊት ለፊት ላስረዳት።

የሰው ካልሲ ነው ያቆራረጠን ብዬ እንዴት እንደምነግራት እንጃ።