ጃኬቱ እርጥብ ነበር

አንተ ሜትሮሎጂ፣

ሐይቁ ላይ ተቀምጠን ዓሣ የምናጠምድበትን ጎማችንን ነፍቼ በረንዳ ላይ ትቼልሃለሁ። የበሳሁትን ቦታ ለጥፌዋለሁ፤ እሱን እንኳ ተወው።

ዛሬ ተራው ያንተ ነው። ከመውጣትህ በፊት ግን ይቺን አንብብ።

ትናንት በመስኮት አየት አደረግህና፣ «ገመዱ ላይ ያለው ጃኬት ንቅንቅ አላለም፤ ነፋስ የለም፣ ሂድ» አልከኝ። ወንድሜ፣ ጃኬቱ እኮ ገና መታጠቡ ነበር! እንኳን ነፋስ ኮርማ ቢወጋው አይነቃነቅም። እኔ ሞኙ አምኜህ ሐይቁ መሐል ገባሁ። ነፋሱ እንደ ሙሽራ አጅቦ ማዶ አደረሰኝ። ልመለስ ብዬ እግሬ እስኪዝል ብቀዝፍ፣ ወይ ፍንክች! ጎማ ተሸክሜ፣ በዚያ የዳክዬ እግር በሚመስል የመቅዘፊያ ጫማ፣ ሐይቁን ዞሬ በእግሬ መጣሁ። ፀጉር አስተካካያችን ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ትቶ ወጥቶ አየኝ።

የዓሣውን ነገር አትጠይቀኝ።

አሁን ገመዱ ላይ መሐረቤን ሰቅዬልሃለሁ። ደረቅ ነው። ከተውለበለበ ቅር። እምቢ ካልክ ደግሞ፣ መጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት ግጠመውና ቅዘፍ፤ ሲደክምህ ራሱ ወደ ቤት ይገፋሃል።

ትናንት «ሁለተኛ አላናግርህም» ብዬ ምያለሁ። የጻፍኩልህ መሐላዬን ላለማፍረስ ነው።

ማታ ወሬውን አንተ ጀምር።