ባዶ ነው የተባለው የበር ቤት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ እንድሪስ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንኳን ለረመዷን በሰላም አደረሰህ። ጤናህ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ የሚነሳብህ ሳልስ ተሻለህ? የምትተኛበት ቤት ይሞቃል? ስታፈጥር አብሮህ የሚቀመጥ ሰው አለ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከሐሳብ በቀር ጤና አልጎደለብንም።

ይህን ደብዳቤ የት ሆነህ እንደምታነበው አላውቅም። ስለዚህ እንዴት ወደ እጅህ እንደመጣ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

እኔ እንደምታውቀው ከሳን ሆዜ ኤርፖርት ተጓዦችን በሻትል ወደየሆቴላቸው አመላልሳለሁ። በዚህ ወር መጀመሪያ አንድ ተሳፋሪ መጽሔት ወንበር ላይ ጥሎ ወረደ። የሀብታሞች ቤት ሽያጭ ብቻ የሚወጣበት ወፍራም መጽሔት ነው። ተራዬ እስኪደርስ ሳገላብጥ አንድ የፈረንሳይ ግንብ አየሁ። መጀመሪያ ያወቅኩት ግንቡን አይደለም፤ በበሩ ግራና ቀኝ የተቀመጡትን የድንጋይ አንበሶች ነው። አንደኛው አገጭ የለውም። አንተ እጅህን ጭነህበት የተነሳኸው ፎቶ ከእማዬ አልጋ በላይ ተሰቅሎ ስንት ዘመን አይቼዋለሁ።

ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ታሪካዊ ሻቶ ከነጫካውና ከነኩሬው ይሸጣል፤ እድሳት ያስፈልገዋል ይላል። የአንደኛው ማማ ጣሪያ መውረዱን፣ የጸሎት ቤቱ ግድግዳ መሰንጠቁን ሳይደብቅ ጽፏል። ጣሪያው እንደሚያፈስ እኛም ካንተ ሰምተናል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ ይዘህ ከክፍል ክፍል እንደምትሮጥ፣ የግንቡ ባለቤት ማዳም ከላይ ሆና "እንድሪስ፣ እዚህም!" እያለች እንደምትጣራ ጽፈህልን ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። ማስታወቂያው መጨረሻው ላይ ግን "በበሩ አጠገብ የዘበኛ ቤት፣ ባዶ" ይላል። ያ ቤት ያንተ ነው። ደጁ ላይ ጤና አዳም የተከልክበት ቤት ነው። "ማዳም እኔ ብሞትም እዚሁ ትኖራለህ ብላኛለች" ብለህ ለእማዬ የጻፍክላት ስለዚያ ቤት ነው።

ለእማዬ ሳልናገር ልጄን ሒክማን ጠራኋት። ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ትማራለች። አማርኛ ትሰማለች እንጂ መልሷ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ማስታወቂያው ላይ ባለው ስልክ ኮል አደረገች። ሻጯ ገዢ መስለናት ኩሬውን፣ ማማውን፣ ምድር ቤቱን በደስታ ስትዘረዝር ቆየች። ሒክማ ስልኩን በእጇ ሸፍና "ዳድ፣ ሻትልህ ግቢው ውስጥ ይቆም እንደሆነ ልጠይቃት?" ብላ በእንግሊዝኛዋ ቀለደችብኝ። ከዚያ ስለ ዘበኛው ጠየቀች፤ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ማዳም በሐምሌ መሞቷን፣ ወራሾቹ የበሩ ቤት ይለቀቅ ማለታቸውን፣ አንተም በጥቅምት አንዲት ሻንጣ ይዘህ መውጣትህን ሻጯ ነገረቻት። አድራሻ አልተውክም። ሒክማ ወንድሙ ነው የሚፈልገው ስትላት፣ ሴትዮዋ መንደሩ ውስጥ ዳቦ የምትሸጠው ሴት እንደምታውቅህ፣ አልፎ አልፎም እሷ ዘንድ ብቅ ትላለህ ሲባል እንደሰማች ተናገረች። ይህን ደብዳቤ በዚያች ሴት በኩል የላክሁት ለዚህ ነው።

ጋሼ፣ ለምን ዝም እንዳልክ የገባኝ ይመስለኛል። እማዬ መስጊድ ለምታገኛቸው ሴቶች ሁሉ "የትልቁ ልጄ ቤት ፈረንሳይ ነው፣ በሩን አንበሳ ይጠብቀዋል" እያለች ስታወራ እንደኖረች ታውቃለህ። ነገር ግን ከሰው ቤት ውጣ መባል ያንተ ነውር አይደለም። አባታችን ሲሞት እጄን ይዘህ ትምህርት ቤት ያስገባኸኝ አንተ ነህ። እኔ ፊት ምን ያሳፍርሃል?

ለእማዬ መንገር ግድ ነበር። ካፈጠርን በኋላ መጽሔቱን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፎቶውን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችና "አንበሳውን አሁንም አላሠሩትም" አለች። የቀረውን ስነግራት አላለቀሰችም። "ታዲያ ጤና አዳሙን ማን ያጠጣዋል?" ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። በማግስቱ ፎቶህን ከግድግዳው አውርዳ ትራሷ ሥር አደረገችው።

እኛ ደግሞ ቤት ልንቀይር ነበር። ይህ የኦክላንዱ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። የእማዬ ጉልበት ደረጃውን እምቢ ካለ ቆይቷል። በየመሐሉ ቁጭ እያለች ነው የምትወጣው። ባለቤቴ ሱልጣና ካስትሮ ቫሊ ላይ ደረጃ የሌለው፣ ጓሮ ያለው የኪራይ ቤት አግኝታ ዕቃችንን በካርቶን ማሰር ጀምረን ነበር። እማዬ ያንተን ነገር ከሰማች በኋላ አልሄድም አለች። "ልጄ የሚያውቀው ይሄን በር ነው። መጥቶ ቢያንኳኳ ማን ይከፍትለታል?" አለች። ሱልጣና "እማማ፣ ፖስታ ቤቱ እኮ ደብዳቤውን ወደ አዲሱ ቤት ያዛውረዋል" ብትላት፣ "የእኛንስ ደብዳቤ ማን አዛወረለት?" ብላ መለሰችላት። ሱልጣና "ደረጃው ላይ ቢወድቁስ?" ብላ ተቆጣች፤ ከዚያ ግን ማንም ሳይነግራት ካርቶኖቹን ፈታች። የካስትሮ ቫሊውን ቤት ሌሎች ገቡበት።

ስለዚህ አድራሻችን ያው ነው። ስልኩም አልተለወጠም፤ በፈለግህበት ሰዓት በእኛ ሒሳብ ደውል። ወደዚህ ለመምጣት ካሰብክ ወረቀቱን እኔ እሯሯጥበታለሁ። ካላሰብክም አንዲት መስመር ጻፍልን። ደህና ነኝ ብለህ ብትዋሸንም አንቀየምህም፤ የእጅህን ጽሕፈት ካየን ይበቃናል።

ሱልጣና ሰላም ትልሃለች። ላንተ የሚሆን ወፍራም ሹራብ ገዝታ አስቀምጣለች፤ ወዴት እንደምትልከው ንገራት። ሒክማ ለዳቦ ሻጯ ሴት በፈረንሳይኛ የምስጋና ወረቀት ጽፋ ከዚህ ጋር አሽጋለች። አንተም የእኛን ሰላምታ አድርስልን።

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣለች። ዱዓዬ አይለየው በልልኝ ትላለች። ደግሞም "ደረጃው ምንም አያመኝም ብለህ ጻፍ" ብላኛለች። ይኸው ጻፍኩላት። ያማታል፣ ጋሼ።

ታናሽ ወንድምህ የሱፍ
ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
ጥር 18 ቀን 1989 ዓ.ም.